አንሪ ሾሜት፦ ሰውየው አልፎ ሕንጻዎቹ ያረጁበት አርክቴክት

ከጀሞ በታክሲ ተሳፍሮ ሜክሲኮ የወረደና ወደ ለገሃር በእግሩ ያዘገመ ሰው ሁሉ የአንድ ፈረንሳዊን ሥራዎች ማየቱ አይቀርም። ብሔራዊ ቴአትርና ክቡ የንግድ ባንክ አሮጌ ሕንጻ የአንሪ ሾሜት እጅ ያረፈባቸው ናቸውና።

ሾሜት የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1921 ነው። ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ገና ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው ነበር። ያኔ አዲስ አበባ ከጣሊያን ወረራ ከወጣች ብዙም አልቆየችም፤ ጣሊያኖች ጀምረው ጥለዋቸው የሄዱ ግንባታዎችም ነበሩ። ከነዚህ አንዱ ሲኒማ ቤት እንዲሆን የታሰበ ሕንጻ ነው። ሾሜት ይህንን እንደገና ነድፎ ቴአትር ቤት አደረገው። ቴአትር ቤቱም በ1948 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት ሲከበር በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም ተከፈተ። ሁላችንም የምንቀጣጠርበትን ከፊቱ ያለውን የድንጋይ አንበሳ የሠራው ደግሞ ሞሪስ ካልካ የተባለ ፈረንሳዊ ቀራጺ ነው። ሾሜት ሕንጻና ሥነ ጥበብ አብረው እንዲሄዱ ይፈልግ ነበር።

ከዚያ በኋላ ጉልላት ያለውን ክቡን ባንክ ነደፈ። ሥራው እየሰፋ ሄዶም አይቮሪ ኮስት፣ ሴኔጋልና ቤኒን ደረሰ። አንድ ፕላን እየገለበጡ በየአገሩ መትከል አይዋጥለትም ነበር፤ የየቦታው አየርና የሰዉ ልማድ መታየት አለበት ባይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ሞተ።

ሰውየው ቢያልፍም ክርክሩ አላለፈም። ከክቡ ባንክ ጎን እ.ኤ.አ. በ2022 የተመረቀው ከ200 ሜትር በላይ የሚረዝም የመስታወት ሕንጻ ቆሟል። አሮጌው አጠገቡ ሲታይ አንዳንዱ ጊዜው ያለፈበት፣ ቦታ ብቻ የያዘ ይለዋል። ሌላው ደግሞ የከተማዋ መልክ እሱ ነው፣ መስታወትማ የትም አለ ይላል።

እኔ ግን ጥያቄው ከመልክ በፊት የጥገና ይመስለኛል። ሲሚንቶ ሲሰነጠቅ ውኃ ይገባል፣ ውስጡ ያለው ብረት ይዝጋል፣ የዛገው ብረት ያብጥና ሲሚንቶውን ይገፋዋል። ይሄ በጊዜው ካልተያዘ የትኛውም ሕንጻ አስቀያሚ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1961 የተመረቀው፣ አርቱሮ መዜዲሚ የነደፈው የአፍሪካ አዳራሽ ዓመታት የፈጀ እድሳት ተደርጎለት በ2024 ዳግም ተከፍቷል። ስለዚህ ከተፈለገ ይቻላል ማለት ነው።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። የጀሞ ኮንዶሚኒየሞችም ሲሚንቶ ናቸው፤ እነሱም ያረጃሉ። እንግዲህ ነገ ጋዜጠኛ የምንሆን ተማሪዎች አንድ ሕንጻ አርጅቷል፣ ይፍረስ ሲባል ዜናውን ብቻ ተቀብለን ባንመለስ ጥሩ ነው። ማን ሠራው፣ ለምን እንዲህ ሠራው፣ ሳይጠገንስ ስንት ዓመት ቆየ ብለን እንጠይቅ።