ሴቬሮ ኦቾዋ፦ በቱቦ ውስጥ አር.ኤን.ኤ. የሠራው ሐኪም

ባዮኬሚስትሪ ስንማር ስሙን ሸምድደን ያለፍነውን አንድ የሕክምና ምሩቅ ዛሬ ላስታውሳችሁ።

ሴቬሮ ኦቾዋ እ.ኤ.አ. በ1905 በሰሜን ስፔን፣ ሉዋርካ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ተወለደ። ሰባት ዓመት ሲሆነው አባቱ ሞተ። ማድሪድ ሕክምና የገባው በታላቁ ራሞን ኢ ካኻል ሥራ ተማርኮ ነበር፤ እሱ ሲደርስ ግን ካኻል ጡረታ ወጥቷል። በ1929 ተመረቀ፤ ልቡ ግን ላቦራቶሪ ውስጥ ቀረ።

በ1936 የእርስ በርስ ጦርነት ሲነሳ ከባለቤቱ ከካርመን ጋር አገሩን ለቀቀ። መጀመሪያ ጀርመን፣ ቀጥሎ እንግሊዝ፣ ከዚያ አሜሪካ። ኦክስፎርድ ላይ የቫይታሚን ቢ1ን ሥራ አጠና፤ በ1942 ኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ገባ።

እዚያ ነው በ1955 ከማሪያን ግሩንበርግ-ማናጎ ጋር ከአንድ የአፈር ባክቴሪያ ኢንዛይም ያጣሩት። ማጣራት እኮ ቀላል አይደለም፦ ባክቴሪያውን መፍጨት፣ ፕሮቲኖቹን ደረጃ በደረጃ መለየት፣ የሚፈለገው ኢንዛይም የትኛው ክፍል ውስጥ እንደቀረ በየደረጃው መለካት። የተጣራው ኢንዛይም በሙከራ ቱቦ ውስጥ ኑክሊዮታይዶችን እያያያዘ አር.ኤን.ኤ. ሠራ። በ1959 ኦቾዋ ከአርተር ኮርንበርግ ጋር ኖቤል ተሸለመ።

በኋላ ግን ሌላ ነገር ታወቀ። ኢንዛይሙ ዲ.ኤን.ኤ. አያነብም፤ ያገኘውን ኑክሊዮታይድ ዝም ብሎ ይቀጥላል። በሕዋስ ውስጥ ዋና ሥራው እንዲያውም አር.ኤን.ኤ.ን መሰባበር ነው! ዲ.ኤን.ኤ.ን እያነበበ የሚሠራው አር.ኤን.ኤ. ፖሊመሬዝ የሚባል ሌላ ኢንዛይም ነበር።

ታዲያ ልፋቱ ከንቱ ቀረ? በፍጹም። በ1961 ኒረንበርግና ማታይ የዘረመል ኮድን የመጀመሪያ ቃል ያነበቡት ከዩራሲል ብቻ በተሠራ አር.ኤን.ኤ. ነው፤ እንዲህ ያለውን አር.ኤን.ኤ. የሚሠራው ደግሞ ይኸው ኢንዛይም ነው። የኦቾዋ ላቦራቶሪም ወዲያው ሥራውን ተቀላቀለ፤ በ1966 ኮዱ ተፈትቶ አለቀ።

ኦቾዋ በ1985 ወደ ስፔን ተመለሰ። በዓመቱ ካርመን ሞተችበት። እሱም በ1993 ማድሪድ ውስጥ አረፈ፤ የተቀበረው ሉዋርካ ነው።

እኛም በየካርዱ የምንጽፈው ዲያግኖሲስ ነገ ሊቀየር ይችላል። በጥንቃቄ ለክተን የመዘገብነው ግን ለተረካቢው ሐኪም ይጠቅመዋል። ተረኛ ስትሆኑ ይህን ሰው አስታውሱት።