ጥላሁን ግዛው፦ ስለ ጢሰኛው የጮኸ ወጣት

ሙሴ በፈርዖን ቤት ቢያድግም የወንድሞቹን መከራ ባየ ጊዜ ዝም ማለት አልቻለም። በአገራችንም በድሎት መኖር ሲችል ስለ ሌላው የጮኸ ወጣት ነበር፤ እርሱም ጥላሁን ግዛው ነው።

ጥላሁን የማይጨው ተወላጅና የደጃዝማች ግዛው ልጅ ነበር። እኅቱ ልዕልት ሣራ ግዛው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ የልዑል መኮንን ባለቤት ነበሩ። ዝም ቢል ኖሮ ሹመትም ሀብትም ባልጎደለበት።

በዚያ ዘመን በደቡብ ያለው ጢሰኛ ካመረተው እህል ሲሶውን፣ አንዳንዴም እኩሌታውን ለባለ መሬቱ ይሰጥ ነበር። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በየካቲት 1957 ዓ.ም. መሬት ለአራሹ ይሰጥ ብለው ወደ ፓርላማ በሰልፍ ሄዱ። በ1958 ዓ.ም. ደግሞ ድሆች በሾላ ካምፕ በክፉ ሁኔታ መያዛቸውን ተቃወሙ።

ጥላሁን ከዚህ እንቅስቃሴ መሪዎች አንዱ ሆነ፤ በ1962 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይም የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ። ብዙም ሳይቆይ ታኅሣሥ 19 ቀን ማታ በአፍንጮ በር አካባቢ በጥይት ተመትቶ ሞተ። በማግሥቱ ተማሪዎች አስከሬኑን በስድስት ኪሎ ግቢ ይዘው ሲያለቅሱ ወታደሮች ገብተው ተኮሱባቸው፤ ሌሎችም ወጣቶች ወደቁ።

ታዲያ ጩኸቱ ከንቱ ቀረን? አልቀረም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ፤ ጢሰኝነትም ተሻረ። አዋጁን ያወጡት ወታደሮች ቢሆኑም ጥያቄውን ለዐሥር ዓመት ሳይሰለቹ ያነሡት ተማሪዎች ናቸው።

ይሁን እንጂ ሙሉውን ታሪክ መናገር ይገባል። ያው የወታደሮች መንግሥት በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ብዙ ወጣቶችን ፈጀ። አብረው የተሰለፉ ጓደኞችም በአሳብ ተለያይተው እርስ በርሳቸው ተገዳደሉ። ለድሃው ተብሎ የተጀመረው ትግል ወንድምን ወደ መጥላት ሲዞር ያፈራው ፍሬ እንባ ሆነ።

እኛ የንፋስ ስልክ ላፍቶ ወጣቶች ከዚህ ሕይወት ሁለት ነገር እንማር። ደመወዙ የተከለከለውን የቀን ሠራተኛ፣ ኪራይ ከአቅሟ በላይ የሆነባትን እናት አይተን ዝም አንበል። ስንናገርም በማይስማማን ወንድማችን ላይ እጃችንንም ልባችንንም አናንሣ። ለእውነት የምንቆምበትን ድፍረት ከፍቅር ጋር አምላካችን ያድለን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።