ይድነቃቸው ተሰማ፦ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ማሊያ እስከ አፍሪካ ዋንጫ

ይድነቃቸው ተሰማ እ.ኤ.አ. በ1921 በጅማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ ባለቅኔ ነበሩ፤ ልጃቸው ግን ኳስን መረጡ። በ1935 በአዲስ አበባ የተመሠረተውን የቅዱስ ጊዮርጊስን ማሊያ ገና በወጣትነታቸው ለበሱ።

የፋሺስት ጣሊያን ወረራ ስፖርቱን ሳይቀር በዘር ሲከፋፍል ይድነቃቸው በዓይናቸው አይተዋል። በ1957 በካርቱም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲመሠረት፣ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አላሰልፍም ያለችውን ደቡብ አፍሪካን አጥብቀው መቃወማቸው ከዚህ የመነጨ ይመስላል። የመጀመሪያው ዋንጫ ያለ እርሷ፣ በ3 አገሮች ብቻ ተካሄደ።

በ1962 በእርሳቸው የተመራው የኢትዮጵያ ቡድን በአዲስ አበባ ግብፅን (በወቅቱ የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ ትባል ነበር) በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ረትቶ ዋንጫውን አነሣ። ከ1972 ጀምሮ ኮንፌዴሬሽኑን በፕሬዚዳንትነት መርተው በ1987 ዐረፉ። ደቡብ አፍሪካ የተመለሰችው ከ5 ዓመት በኋላ ነው።