ዶክተር አክሊሉ ለማና የእንዶድ ምርምር

የአገራችን ሰው በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይላል። እንዶድም እንዲህ ያለ ወርቅ ነበር። ሳሙና በየሱቁ ከመሸጡ አስቀድሞ እናቶቻችንና አያቶቻችን ጋቢውን፣ ነጠላውንና ኩታውን ያጥቡበት የነበረው ይህ ፍሬ በየአጥሩና በየጢሻው ይበቅላል። ነገር ግን ልብስ ከማንጻት አልፎ የሰውን ሕይወት ከበሽታ ሊጠብቅ እንደሚችል በሳይንስ መንገድ መርምሮ ያስረዳ ሰው ለብዙ ዘመን አልተገኘም ነበር። ይህን ያደረጉት ኢትዮጵያዊው ሊቅ ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው።

በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ የእሳቸውን ታሪክ ለመጻፍ የመረጥነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ የታገሉት በሽታ ለእኛ ለሐዋሳ ልጆች እንግዳ አይደለም፤ በሐይቃችን ዳር ዓሣ የሚያጠምዱና የሚዋኙ ሰዎች በእርሱ እንደሚያዙ በጥናት ታውቋል። ሁለተኛ፣ ሳይንስ ከሩቅ አገር ብቻ የሚመጣ ነገር ይመስለናልና፣ ይህ አሳብ ስሕተት መሆኑን የእሳቸው ሥራ ያሳየናል። አንባቢ እንዳይሳሳት፣ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዶክተር አክሊሉ የተወለዱት በ1935 ነው። ለከፍተኛ ትምህርት ወደ አሜሪካ ሄደው በኖርዝ ዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ከተማሩ በኋላ፣ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የሕዝብ ጤና ትምህርት ተከታትለው በ1964 የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበሉ። ከዚያም በውጭ አገር ተደላድሎ መኖርን ሳይመርጡ ወደ አገራቸው ተመልሰው ሥራ ጀመሩ።

በዚያን ጊዜ ካሰቧቸው በሽታዎች አንዱ ቢልሐርዝያ ነበር። ይህን ስም ያገኘው በ1851 በካይሮ ትሉን ካገኘው ከጀርመናዊው ሐኪም ከቴዎዶር ቢልሐርዝ ነው። የበሽታው አካሄድ እንደሚከተለው ነው። የታመመ ሰው ሰገራው ወይም ሽንቱ ወደ ውኃ ሲገባ፣ ከእርሱ ጋር የወጣው የትል እንቁላል በውኃው ውስጥ ይፈለፈላል። ከእንቁላሉ የወጣው ረቂቅ ፍጥረት በተወሰኑ የቀንድ አውጣ ዓይነቶች ሰውነት ውስጥ ገብቶ እጅግ ይበዛል። ከዚያም ወደ ውኃው ተመልሶ፣ ለመታጠብ ወይም ለመዋኘት የገባውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። በደም ሥር ውስጥ አድጎ እንቁላል ሲጥል አንጀትን፣ ጉበትን ወይም ፊኛን ይጎዳል። ልጆች በዚህ ምክንያት ደማቸው ያንሳል፤ ሰውነታቸው ይመነምናል፤ ለትምህርትም ኃይል ያጣሉ። ዶክተር አክሊሉ በነበሩበት ዘመን በዓለም ላይ ከ200 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ በዚህ በሽታ እንደተያዘ ይገመት ነበር። ከዚህ እንደምንረዳው ቀንድ አውጣው ከጠፋ የበሽታው መንገድ ይቋረጣል።

በ1964 ዶክተር አክሊሉ በዐድዋ ከተማ አጠገብ ባለው ወንዝ ቀንድ አውጣዎችን እየመረመሩ ሳለ አንድ ነገር አስተዋሉ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ ባለው ውኃ፣ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ከሌላው ቦታ ይልቅ በዝተው ይታዩ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን አይቶ ያልፈው ነበር። እሳቸው ግን ሕያዋን ቀንድ አውጣዎችን ሰብስበው በእንዶድ አረፋ ውስጥ አደረጓቸው፤ ቀንድ አውጣዎቹም ሞቱ። ከዚያ በኋላ ነገሩን በላቦራቶሪ ደጋግመው በመመርመር፣ የደረቀው የእንዶድ ፍሬ ተፈጭቶ በውኃ ሲበጠበጥ ጥቂቱ እንኳ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል አረጋገጡ።

በ1966 በአዲስ አበባ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት እንዲቋቋም አድርገው የመጀመሪያው ኃላፊ ሆኑ። በዐድዋም ከ1969 እስከ 1974 ድረስ አምስት ዓመት የፈጀ ሰፊ ሙከራ ተደረገ፤ በየጊዜው እንዶድ በወንዙ ውስጥ ይጨመር ነበር። ሙከራው ሲጀመር ከትንንሾቹ ሕፃናት መካከል ከ100 ውስጥ 50 የሚሆኑት ታመው ነበር፤ ሲፈጸም ግን ቁጥሩ ወደ 7 ወረደ።

ይህ ብቻ አልበቃም፤ ቀንድ አውጣውን የሚገድለው የትኛው ንጥረ ነገር ነው? የሚለው ጥያቄ መመለስ ነበረበት። በካሊፎርኒያ በሚገኘው በስታንፎርድ የምርምር ኢንስቲትዩት ከሌሎች ሊቃውንት ጋር በተደረገው ሥራ፣ በፍሬው ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ሳፖኒን ከሚባለው ወገን የሆነ ሞለኪውል መሆኑ ተገኘ። ይኸውም እንደ ሳሙና አረፋ የሚያወጣና የሕዋስን ሽፋን የሚያፈርስ ነው። ለዶክተር አክሊሉ ክብር ሲባል ለማቶክሲን ተብሎ ተሰየመ። ሌላው ኢትዮጵያዊ ሊቅ ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ደግሞ ከአገሪቱ ልዩ ልዩ ክፍል ብዙ የእንዶድ ዝርያ ሰብስበው አበቀሉና፣ ምርቱም ኃይሉም የበለጠውን ቁጥር 44 የተባለውን ዝርያ መረጡ።

ይሁን እንጂ እውነትን ማግኘትና ማሳመን ሁለት ልዩ ልዩ ሥራዎች ናቸው። በፋብሪካ የሚሠራው የቀንድ አውጣ መድኃኒት ዋጋው እጅግ ውድ ስለ ነበረ ለድኻ አገሮች የሚቻል አልነበረም። እንዶድ ግን ገበሬው በደጁ ሊያበቅለው ይችላል። ሆኖም ትልልቆቹ የዓለም ድርጅቶች፣ እንዶድ ለሰውና ለእንስሳ ጉዳት እንደሌለው በታወቁ ላቦራቶሪዎች ካልተመረመረ አንቀበልም በማለታቸው ብዙ ዓመት አለፈ። ዶክተር አክሊሉ ይህ መጓተት የመጣው ከገንዘብ እጦት ብቻ ሳይሆን፣ በአፍሪካ ሊቃውንት ሥራ ካለማመንም ጭምር ነው ብለው ተከራከሩ። ቢሆንም ምርመራ ይደረግ የተባለውን ጥያቄ አልናቁትም። በ1983 በዛምቢያ ዋና ከተማ በሉሳካ ስለ እንዶድ የሳይንስ ጉባኤ ተደረገ፤ በኋላም በካናዳ እርዳታ የመርዛማነቱ ምርመራ ተካሄደ። የተገኘውም ውጤት እንዶድ ዓይንን እንደሚያቃጥልና ዓሣን እንደሚጎዳ፣ በወንዝ በሚጨመረው መጠን ግን በሰው ላይ የሚያሰጋ ጉዳት እንደማያደርስ አሳየ።

በ1989 ዶክተር አክሊሉና ዶክተር ለገሠ፣ አማራጭ የኖቤል ሽልማት እየተባለ የሚጠራውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በስዊድን አብረው ተቀበሉ። በ1990 ደግሞ ዶክተር አክሊሉ በአሜሪካ ወደ ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ በሄዱ ጊዜ ሌላ ጥቅም ተገለጠ። በታላላቆቹ የአሜሪካ ሐይቆች የውኃ ቧንቧዎችን እየዘጋ ብዙ ኪሳራ ያደርስ የነበረውን ዜብራ መሰል የተባለውን ባለ ዛጎል ፍጥረት እንዶድ ገደለው። ዩኒቨርሲቲውም ለዚህ አጠቃቀም የፓተንት መብት አገኘ። ከዚህም የተነሣ፣ እንዶድን ከጥንት ጀምሮ አውቀው ያቆዩት የኢትዮጵያ እናቶች ከዚህ መብት ድርሻቸው ምንድን ነው? የሚል ክርክር በዓለም ተነሣ። ጥያቄው ዛሬም ቢሆን ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

ዶክተር አክሊሉ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ውስጥም ያገለገሉ ሲሆን፣ በኢጣልያ በፍሎረንስ ከተማ በሚገኘው የዩኒሴፍ የሕፃናት ጥናት ማዕከል ምክትል ዲሬክተር ነበሩ። በሚያዝያ 1997 በ61 ዓመታቸው ዐረፉ። ያቋቋሙት ኢንስቲትዩት ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አክሊሉ ለማ ፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተብሎ በስማቸው ይጠራል።

ቢልሐርዝያ እስከ ዛሬ አልጠፋም። ፕራዚኳንቴል የተባለው እንክብል ሕሙማንን ይፈውሳል፤ ነገር ግን የዳነው ልጅ ወደዚያው ውኃ ሲመለስ እንደገና ይያዛል። እንዶድም ዓሣን የሚጎዳ በመሆኑ ብዙ ሰው በዓሣ በሚተዳደርበት በሐይቃችን የሚጨመር አይደለም፤ አካሄዱም ተጠንቶ በጅረትና በቦይ ውኃ ነው። ስለዚህ እኛ የምሥራቅ ተማሪዎች ልናደርገው የምንችለው አለ፤ በመጸዳጃ ቤት እንጠቀም፤ ታናናሾቻችንን በሐይቁ ዳር እንዳይዋኙ እንምከር፤ ምርመራና መድኃኒት ሲመጣ አንሸሽ። ከዚህ ጋር በየመንደራችን ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ስለሚያውቋቸው ቅጠላ ቅጠሎች እንጠይቅ፤ የሰማነውንም በደብተራችን እንጻፍ። የሰማነው ሁሉ እውነት ሆኖ ላይገኝ ይችላል፤ መርምሮ እውነቱን ከሐሰቱ መለየት ግን የተማረ ሰው ግዴታ ነው።