ስለ ቤትሆቨን

ሉድቪግ ቫን ቤትሆቨን በኤውሮጳ አቈጣጠር በ1770 ዓ.ም. በጀርመን አገር በቦን ከተማ ተወለደ። አባቱም የቤተ መንግሥት ዘፋኝ ስለ ነበረ ገና በሕፃንነቱ ሙዚቃ አስተማረው።

የፒያኖ አውታር በመዶሻ በተመታ ጊዜ ይንቀጠቀጣል፤ አየሩንም ያናውጣል፤ የተናወጠውም አየር የዦሮን ታምቡር ሲመታ ድምፅ ይሰማል። ቤትሆቨን ግን ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው ዦሮው ይደክም ጀመር፤ ሐኪሞችም ሊፈውሱት አልቻሉም። በ1802 ዓ.ም. ሕይወቱን እስከ መጥላት ደረሰ፤ ነገር ግን በልቡናው የሚሰማውን ዜማ መጻፍ አልተወም።

በ1824 ዓ.ም. ዘጠነኛው ሲምፎኒ የተባለው ድርሰቱ በቪየና ከተማ በተሰማ ጊዜ ሕዝቡ አጨበጨበ፤ እርሱ ግን ጀርባውን ሰጥቶ ነበርና አላወቀም። አንዲት ዘፋኝ ብታዞረው ደስታቸውን በዓይኑ አየ። በ1827 ዓ.ም. ሞተ።

ስለዚህ ሰው አንድ ነገር ቢጐድልበት በቀረው ሊሠራ ይገባዋል እንጂ ተስፋ ሊቈርጥ አይገባውም።