ንጉሥ ሰሎሞንና የአጋንንቱ አለቃ



በቅርቡ አንዲት እናት ልጄ አፈረብኝ ብላ ከአገር ቤት ይዛው የመጣችውን የአያቷን ክታብ ልትጥል ስትል ደረስኩ። ብራናውን ዘርግተን ስናየው መላእክት ሰይፋቸውን መዝዘው ቆመዋል፤ ከመካከላቸው የሰሎሞን ማኅተም ተስሏል። ደብተራው የሣለው ንጉሥ የዚህችው የኢየሩሳሌም ሰው መሆኑን ለልጁ የነገረው አልነበረም። ስለዚህ በዚህ ዕትም የሰሎሞንን ታሪክ እናጫውታችሁ።

ሰሎሞን የዳዊትና የቤርሳቤህ ልጅ ነው። አባቱ ገና በሕይወት ሳለ በግዮን ምንጭ ተቀብቶ ነገሠ። ምንጩ ዛሬም ከአሮጌው ከተማ ቅጥር በታች ስላለ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ልታዩት ትችላላችሁ። በነገሠ በ4ኛው ዓመት ቤተ መቅደሱን ጀመረ፤ በ7 ዓመት ጨረሰ። የራሱ ቤት ግን 13 ዓመት ፈጅቷል፤ ልዩነቱን ያስተዋለ ያስተውል።

መጽሐፍ ቅዱስ ቤተ መቅደሱ ሲሠራ የብረት መሣሪያ ድምፅ እንዳልተሰማ ይናገራል። ታዲያ ድንጋዩ በምን ተቆረጠ? ታልሙድ ድንጋይ የሚሰነጥቅ ሻሚር የሚባል ነገር እንደነበረና ያለበትን የሚያውቀው የአጋንንቱ አለቃ አሽመዳይ እንደነበረ ይተርካል። የንጉሡ ሹም በናያስ አሽመዳይ የሚጠጣበትን ጉድጓድ ውኃ ከሥር አፍስሶ በወይን ጠጅ ሞላው። አሽመዳይ ጠጥቶ ሲተኛ የእግዚአብሔር ስም በተቀረጸበት ሰንሰለት ታሰረ።

ሥራው ካለቀ በኋላም ሰሎሞን አልፈታውም። አንድ ቀን አጋንንት ከሰው በምን እንደሚበልጡ ጠየቀው። አሽመዳይም ሰንሰለቱ ተፈትቶለት የንጉሡ ቀለበት ቢሰጠው እንደሚያሳየው ነገረው። ያ ሁሉ ጥበብ ያለው ሰው ሰጠው! ጋኔኑ ንጉሡን ወደ ሩቅ አገር አሽቀንጥሮ ጣለውና መልኩን መስሎ በዙፋኑ ተቀመጠ።

ሰሎሞን ከደጅ ደጅ እየለመነ በኢየሩሳሌም ንጉሥ እንደነበረ ቢናገር ማን ይመነው? እዚህ ቦታ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ እናንተ ትዝ ትሉኛላችሁ። በአገሩ ሽማግሌ ሆኖ ደም ያስታረቀ ሰው፣ እዚህ ቢሮ ደጃፍ ቁጥሩን ይዞ ተራ ሲጠብቅ ማን መሆኑን የሚጠይቀው የለም። ሊቃውንቱ ግን አንድ ነገር አስተዋሉ፤ እብድ ሰው በአንድ ቃል አይጸናም፣ ይህ ለማኝ ግን ቃሉን አልለወጠም። በናያስን ሲጠይቁት ንጉሡ ካስጠራው ቆይቷል። ወደ ንግሥቶቹም ልከው የንጉሡን እግር እንዲያዩ አዘዙ፤ የጋኔን እግር የዶሮ እግር ነውና። የመጣው መልስ ንጉሡ እግሩን ሸፍኖ እንደሚገባ ነበር። ቀለበትና ሰንሰለት ለእውነተኛው ንጉሥ ተሰጡት፤ አሽመዳይም ሲያየው በርሮ ጠፋ።

ከሩሲያ የመጡ ጎረቤቶች ካሏችሁ ስለ ባባ ያጋ ጠይቋቸው። እሷ ደግሞ ጫካ ውስጥ የምትኖር አሮጊት ጠንቋይ ናት፤ ቤቷ በዶሮ እግር ይቆማል። በእኛም አገር የእግር ተረት አለ። የዘንዶ ደም ተረከዟን ነክቶት የንግሥተ ሳባ እግር የአህያ እግር ሆነ፤ የዳነችውም በሰሎሞን ቤት ነው ይባላል። ወደ እሱ መምጣቷ በዴር ሱልጣን ጸሎት ቤት ውስጥ በትልቁ ተስሏል፤ ከሰሎሞን ሰዎች መካከል የዛሬዎቹን ሃሲዲም የሚመስሉ ባለ ጥቁር ኮፍያዎች ታያላችሁ። በኢትዮጵያ ጎዳና ስታልፉም በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ያለውን አንበሳ ለልጆቻችሁ አሳዩ፤ ነገሥታቱ የይሁዳ አንበሳ የተባሉት ከሰሎሞንና ከንግሥቲቱ ልጅ እንወለዳለን በማለታቸው ነው።

ሰሎሞን ወደ ዙፋኑ ቢመለስም ሌሊት ሌሊት ይፈራ እንደነበር ሊቃውንቱ ይተርካሉ፤ አልጋውን 60 ኃያላን ይጠብቁት ነበር። በጠቅላላው 40 ዓመት ነገሠ፤ በዳዊት ከተማም ተቀበረ። መንግሥቱ ወዲያው በልጁ ዘመን ለሁለት ተከፈለ።