ፀሐይን ያመለከው ፈርዖን

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብፅ የነገሠው ፈርዖን አኬናተን አስቀድሞ አሜንሆቴፕ ይባል ነበር። በነገሠ በ5ኛው ዓመት ገደማ ስሙን ለወጠ፤ የአሞንንም አምልኮ ሽሮ አተን የተባለውን የፀሐይ ክበብ ከፍ ከፍ አደረገ። መጽሐፍ ቅዱስ ኖእ የሚላትን ቴብስን ትቶ በዓባይ ምሥራቃዊ ዳርቻ አኬታተን የተባለች ከተማ በምድረ በዳ ላይ አሠራ።

በዚያች ከተማ ድንጋዮች ላይ ንጉሡና ንግሥት ኔፈርቲቲ ልጆቻቸውን አቅፈው፣ የፀሐይዋም ጨረሮች እንደ እጅ ወደ እነርሱ ተዘርግተው ይታያሉ። የመሥዋዕቱ ገበታም ሞልቶ የተትረፈረፈ ነው። የተራው ሕዝብ መካነ መቃብር ሲቆፈር ግን ሌላ ታሪክ ተገኘ፤ ብዙዎቹ በለጋ ዕድሜያቸው የሞቱ፣ አጥንታቸውም የከባድ ሸክም ምስክር ነበር።

ንጉሡ 17 ዓመት ያህል ነግሦ ሞተ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የነገሠው ቱታንካተን ስሙን ቱታንካሙን አሰኝቶ ወደ አሞን ተመለሰ። ከተማይቱም ባድማ ሆነች፤ የአኬናተንም ስም ከነገሥታት ዝርዝር ወጣ።

አንዳንዶች እርሱን የአንድ አምላክ አማኝ አድርገው ይቆጥሩታል። እኛ ግን አማልክትን ቀንሶ አንዱን ማስቀረት ፈጣሪን ማወቅ እንዳይደለ እናስተውላለን፤ ፀሐይም ፍጥረት ናትና። በንጉሡ ሥዕል ያልታሰቡትን ድካመኞች የፀሐይ ፈጣሪ አልረሳቸውም።